ለተከበሩ አቶ ይደር

ጉዳዩ፦ ከቅሬታ ማቅረቢያው ጠረጴዛ ላይ እንዲነሡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የማውቅዎት ከአገር ቤት ጀምሮ ነው፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ ባለጉዳይ ሲሸኙ አይቼዎታለሁ። አሜሪካ ገብቼ ደብዳቤ አዳይ፣ ቀጥሎም የባልደረቦቼ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ስሆን፣ ቀድመውኝ ደርሰው ከሱፐርቫይዘሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጠው አገኘሁዎት።

የአሠራርዎ ብልሃት በእርግጥ ያስደንቃል። እንበልና ትርፍ ሰዓት ፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ የሌለ ደብዳቤ አዳይ ሁለት ሰዓት ጨምራ እንድትሠራ ታዘዘች፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ደግሞ በጊዜ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የማኅበሩ ተወካይ ማኅበሩ ከፖስታ ቤቱ ጋር ባደረገው የኅብረት ስምምነት አንቀጽ 17 መሠረት ጉዳዩን በሥራ ሰዓት ለማጣራት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ያለ በቂ ምክንያት እንደማይከለከልም ተጽፏል። እርስዎም አይከለክሉም፤ መከልከል ያስጠይቃልና። «ዛሬ ሰው ጎድሎብናል» ይላሉ፤ በማግስቱ ፖስታው በዝቷል፤ የሰዓት መዝገቡ ሲጠየቅ ደግሞ ማተሚያው ቀለም ጨርሷል። (ይኸው ማተሚያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለማውጣት ቀለም አጥቶ እንደማያውቅ ሳልጠቅስ አላልፍም።)

ጥበብዎ ይበልጥ የሚገለጠው ግን በአንቀጽ 15 ነው። ሠራተኛዋ ወይም ማኅበሯ ነገሩ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀናት ውስጥ ከቅርብ አለቃዋ ጋር ካልተነጋገሩበት ቅሬታው እንደተተወ ይቆጠራል፤ አለቃው ቀጠሮ ባይሰጥ ወይም መልስ ባይመልስ ግን የሚመጣው ነገር መዝገቡ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሸጋገሩ ብቻ ነው። እኛ ስንዘገይ ቅሬታችን ይሞታል፣ እርስዎ ሲዘገዩ የደረጃ ዕድገት ያገኛሉ። የጊዜ ማራዘሚያውን በጽሑፍ ይስጡን ስንል «በቃል ይበቃል፣ እንተማመን» ይሉናል፤ ያ ቃል ግን የግልግል ዳኛ ፊት በሚፈለግበት ቀን የት እንዳደረ አይታወቅም። ጉዳዩ ከመጀመሪያው ውይይት ወደ መደበኛው ስብሰባ፣ ከዚያም ማኅበሩና አሠሪው ሰው ወደሚወክሉበት ቡድን፣ በመጨረሻም ወደ ግልግል እየተሸጋገረ ሲጓዝ፣ በዚያች ምሽት የሴትዮዋን ልጅ ከትምህርት ቤት ማን እንዳመጣላት የሚጠይቅ አንድም ቅጽ የለም።

«ታዲያ ሥራ አታቆሙም?» እንዳይሉን፤ ሕግ ይከለክለናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1970 ከኒው ዮርክ የተነሣው የፖስታ ሠራተኞች አድማ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ወታደር ልኮ ደብዳቤ እስከማስለየት ቢያደርሳቸውም፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ላይ የመደራደር መብት ሲሰጥ የአድማውን እገዳ እንዳለ ተወው። ስለዚህ ለእኛ ከዚህ የቅሬታ ወረቀት ሌላ በር የለንም፤ እርስዎም በሩ ላይ ነዎት።

ስለሆነም የዓመት ዕረፍትዎን ከዛሬ ጀምሮ እንዲወስዱ በትሕትና እየጠየቅሁ፣ የዕረፍት መጠየቂያውን 3971 ቅጽ በስምዎ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሱፐርቫይዘሩ እንዲፈርሙበት ሳቀርብላቸው «ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ ነገ አየዋለሁ» ብለውኛል።