ማስተካከያ፦ ስለ ሶልቴሩ ፋብሪካ የጻፍነው

በእንግሊዝ ዮርክሻየር፣ ሶልቴር መንደር ስላለው ትልቅ የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለፈው ያወጣነው ጽሑፍ ሁለት ስህተቶች አሉበት።

ፋብሪካውን «የጥጥ» ብለነው ነበር፤ አይደለም። ባለቤቱ ታይተስ ሶልት የከበረው በሱፍ፣ በተለይም ከደቡብ አሜሪካ በሚመጣው የአልፓካ ጠጉር ነው። ጥጡ የጎረቤቱ የላንካሻየር ነው፤ ሁለቱን ያምታታነው እኛው ነን።

ሌላው የጭስ ማውጫው ጉዳይ ነው። በቬኒስ የሚገኘውን የፍራሪ ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት አስመስሎ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1853 የተመረቀው የዋናው ሕንፃ ጭስ ማውጫ አይደለም። በ1868 ከቦዩ ማዶ የተጨመረው የአዲሱ ፋብሪካ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አይሳሳትም፦ የዋናው ጌጥ የሌለው፣ ቀጥ ብሎ የወጣ ነው፤ የአዲሱ ግን አናቱ ላይ ቅስት መስኮቶች አሉት። ጽሑፉን ስናዘጋጅ ፎቶውን አስተውለን ብናየው ኖሮ ይህ ባልመጣ ነበር።

የቀረው እንዳለ ነው፦ ንድፉ የሎክዉድና የሞውሰን፣ የደቡቡ ፊት ርዝመት 166 ሜትር ገደማ፣ ምርቃቱም ሶልት 50 ዓመት የሞላው ዕለት። ዋናው ጽሑፍ ታርሟል።