ማስተካከያ፦ የልብስ ካውያ ለስኪ አይሆንም
ባለፈው ጽሑፌ ስኪን (እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ረጅም ጣውላ) ሰም ለመቀባት «የቤት ካውያ ይበቃል፤ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። ይቅርታ።

ያን የጻፍኩት ሱሉልታ ያለው ጎረቤቴ ከውጭ ያመጣውን አሮጌ ስኪ ስንነካካ ባየሁት ብቻ ነው። (እዚህ በረዶ የሚባለው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ስኪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።)

የስኪ ካውያ ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል። የልብስ ካውያ ግን ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ መልሶ ይግላል። የስኪው ሆድ (በረዶውን የሚነካው ታችኛው ፊቱ) ደግሞ ፖሊኤቲሊን ነው፤ ፕላስቲክ ማለት ነው። ካውያው አንድ ቦታ ከቆመ ሆዱ ይቃጠላል። ትክክለኛው ሙቀት የሰሙ ማሸጊያ ላይ አለ፦ ለስላሳው 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ለብርቱ ቅዝቃዜ የሚሆነው ደረቅ ሰም 150 አካባቢ ይፈልጋል። ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል፣ ቀንሱ። ካውያው ሳይቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድ። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ትርፉ በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቃል፣ ከዚያ ይቦረሻል።

ስለ ልብስ ካውያው የእንፋሎት ቀዳዳም አልተናገርኩም። ሰሙ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የጎረቤቴ ባለቤት በማግስቱ ነጭ ነጠላዋን ስትተኩስ ጠብ፣ ጠብ አለባት። ሁለት ቀን በዚያ በር አላለፍኩም።

ሌላም አለ። የስኪ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም ለኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ መጀመሪያ የተወዳደረው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው ብዬ ነበር። በ2006 ቱሪን ላይ ነው፤ ቫንኩቨር ሁለተኛው ነው።