እርማት፦ ግሬናዳ ከሃሪኬን ነፃ አይደለችም

«ግሬናዳ ከሃሪኬን መስመር በታች ስለሆነች ትንሽ የሸራ ጀልባን ከነምሰሶዋና ከነሸራዋ እዚያ ትቶ መሄድ ይቻላል» በማለት የሰጡት ምክር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት በመሆኑ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ።

ይህች የካሪቢያን ባሕር ደሴት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሃሪኬን፣ ማለትም በኃይለኛው የባሕር አውሎ ነፋስ፣ የምትመታው ከሰሜናዊ ጎረቤቶቿ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ በሴፕቴምበር 2004 ኢቫን የተባለው ሃሪኬን የደሴቲቱን አብዛኞቹን ቤቶች ጎድቷል። በጁላይ 1 ቀን 2024 ደግሞ ቤሪል የተባለው ሃሪኬን፣ ያውም የሃሪኬን ወቅት ከተጀመረ ገና በወሩ፣ የግሬናዳ ክፍል በሆነችው ካሪያኩ ላይ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ ሲያርፍ፣ በባሕር ዳር ዛፎች መካከል የተጠለሉ ጀልባዎች ሳይቀሩ ተጎድተዋል።

ስለዚህ በሃሪኬን ወቅት፣ ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ፣ የምትቀመጥ ጀልባ ወደ የብስ ወጥታ፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ጠንካራ መያዣ ጋር በሰፊ ማሰሪያ መጠፈር ይኖርባታል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ምሰሶውን ማውረድ ትርፍ ድካም አይደለም፤ በብረት ድጋፍ ብቻ የቆመች አንዲት ጀልባ ስትወድቅ አጠገቧ ያለችውንም ይዛ ትወድቃለችና። ሸራውም ተጠቅልሎ መታሰሩ አይበቃም፤ ነፋሱ ከአንድ ጥግ ገብቶ ይፈታዋል፣ የተፈታው ሸራም ጀልባዋን ይገለብጣታል። ፈጽሞ ተነቅሎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። የዝናብ ውሃ መውጫውም በቅጠል አለመደፈኑን፣ እባክዎ፣ ከመሄድዎ በፊት በእጅዎ ዳሰው ያረጋግጡ።