ስለ «ፌቲሽ» አልበም ትንሽ እርማት

ስለ ጀርመኑ ባንድ ኢክስማል ዶይችላንድ የመጀመሪያ አልበም «ፌቲሽ» የተጻፈው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ኢንኩቡስ ሱኩቡስ» የሚለው ዘፈን አልበሙ ላይ አለ መባሉ ግን ስህተት ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ በ1982 (እ.ኤ.አ.) በነጠላ ሸክላ ወጣ፤ 4ኤዲ የተባለው የእንግሊዝ ሙዚቃ አሳታሚ በ1983 የለቀቀው ሁለተኛው ቅጂም ነጠላ ነበር። የዚያው ዓመት «ፌቲሽ» ሸክላ ላይ ያሉት 10 ዘፈኖች ናቸው፤ በ«ክቫል» ይጀምርና በ«ሽቱመስ ኪንት» ያልቃል። በኋላ በሲዲ የወጣውን የሚያዳምጥ ሰው ተጨማሪ ዘፈኖች ስለሚያገኝ ነው የሚምታታው።

«የአልበሙ ድምፅ ቀጭን ነው» ለሚለው አስተያየት ደግሞ፦ በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት አዎ፣ ቀጭን ነው። ብዙ ቦታ ዜማውን የሚሸከመው ጊታሩ ሳይሆን የቮልፍጋንግ ኤለርብሮክ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ጊታር) ነው፤ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ የሚቀራችሁ የጊታር ፍጭትና የድምፃዊቷ የአንያ ሁቨ ጩኸት ብቻ ይሆናል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ የቤዝ ማጉያውን ግን አትንኩ፤ ከበሮው ቶም (ወፍራም ድምፅ ያላቸው ከበሮዎች) ላይ ስለሚበዛ ሁሉም ተቀላቅሎ ይታፈናል።

ግጥሙን ለመከታተል ጥቂት የጀርመንኛ ቃላት ይበቃሉ። «ክቫል» ስቃይ ነው፣ «ገሃይምኒስ» ምስጢር፣ «ሽቱመስ ኪንት» ድምፅ የሌለው ልጅ። «ኬምፕፈን» (መታገል) የሚለው ዘፈን ኢንተርኔት ፍለጋ ላይ እምቢ ካለ፣ ሁለት ነጥብ ባለው «ä» ፈንታ «a» እና «e» የሚሉትን የላቲን ፊደላት አከታትሎ (Kaempfen) መጻፍ ነው፤ አልበሙ ላይ የታተመውም እንደዚያ ነው።