ባዶ ወንበሩን ማን ይክፈል?

ጀርመን ውስጥ የምኖርበት የገጠር መንደር አውቶቡስ አንዳንዴ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይነሳል። ሰዓቱ ደረሰ፣ ሄደ፤ በቃ። ወሎ ገጠር ግን መኪና የሚነሳው ሲሞላ ነው። መሙላት ማለት ደግሞ ወንበር ሲያልቅ ሳይሆን ትርፉ ሁሉ ሲጫን ነው።

ባለፈው ስመጣ ከደሴ ራቅ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሚኒባስ ውስጥ ከአንዲት እናት ጎን ተቀመጥኩ። የሐኪም ቤት ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ቶሎ ቶሎ ይዳስሱታል።

«ልጄ፣ ቀጠሮዬ እኮ ጠዋት ነው» አሉት ረዳቱን።

«አብሽሩ እማማ፣ አራት ሰው ነው የቀረን፣ አሁን እንወጣለን።»

ያ «አሁን» ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ቆየ። ልጁን ለመውቀስ ግን አፌ አልደፈረም። ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ለባለቤቱ የሚገባው የቀን ገቢም የሚወጣው ከዚያችው ታሪፍ ነው። ጎዶሎ ቢወጣ የሚከስሩት እሱና ሹፌሩ ናቸው።

የገጠር ትራንስፖርት ሲነሳ ሁላችንም የምንጮኸው ስለ መንገድ ነው። እውነት ነው፣ የጃማ ዋልካ በክረምት ለእግረኛም አይመች። ግን በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሲሠራ፣ ብዙ ቦታ ጠጠር ደርሷል። ጠጠሩን ተከትሎ በየቀኑ መኪና አልመጣም። መኪና ገበያ ነው የሚከተለው። ሰኞ ወደ ባቲ የሚጎርፈው አይሱዙና ሚኒባስ ማክሰኞ በየገጠሩ መገንጠያ ቢጠበቅ የለም። ሕመም ደግሞ የገበያ ቀን አይጠብቅም። ያኔ ያለው ቃሬዛ ነው፤ ጎረቤት እየተቀባበለ በሽተኛውን አስፋልት ያደርሳል።

ውጭ አገር ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። የጀርመን ገጠር አውቶቡስ ብዙ ቦታ የሚሠራው ለተማሪዎች ታስቦ ስለሆነ፣ ትምህርት ሲዘጋና እሁድ ሲሆን ይመናመናል። አንዳንዱ ቀድመው ካልደወሉለት አይመጣም። መኪና መንዳት ያቆመ ሽማግሌ እዚያም ቤቱ ይውላል። ልዩነቱ ትኬቱ ያልሸፈነውን ወጪ የአካባቢው አስተዳደር መክፈሉ ነው። ባዶው ወንበር የሹፌሩ ዕዳ አይደለም።

አስተዳደሩም ያልደረሰበት መንደር ሌላ ዘዴ አለው። «ቢርገርቡስ» ይሉታል። በጀርመን የመጀመሪያው በ1985 እንደ ፈረንጆቹ ነው የጀመረው። ጡረታ የወጡ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ስምንት ሰው የምትጭን መኪና ያለ ደመወዝ ይነዳሉ። መኪናዋን ለመግዛትና ለማንቀሳቀስ መንግሥት ያግዛል። ባየኋት ቁጥር የወሎን ቅሬ፣ ማለትም እድሩን፣ አስባለሁ። ለቀብር እንደዚያ የሚነቃነቅ ሕዝብ፣ በሽተኛ በትከሻው የሚሸከም ሕዝብ፣ ለዚህ አያንስም። የጎደለው ነዳጁን የሚከፍል ነው።

እኛ ውጭ ያለን የወሎ ልጆች ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ስናዋጣ ኖረናል፤ ደግ አድርገናል። ወረዳውም ከበጀቱ ትንሽ ቢጨምርበት፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ ከገበያ ቀን ውጭ፣ ሞላም ጎደለም በሰዓቱ ወደ ደሴ የምትነሳ አንዲት ሚኒባስ ማስኬድ ይቻላል። ለባዶዎቹ ወንበሮች እኔ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።