ለነሐሴ 24 (ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል) ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግር ለምትሄዱ

«የደብረ ሊባኖስ ጉዞ የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ስለሆነ ቀላል ነው» ለተባለው፦ በበጋ እሺ፣ በነሐሴ ግን አይደለም። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ትንፋሽ ይፈትናል እንጂ እግር አይጎዳም፤ እግር የሚጎዳው ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ነው። ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ስለዚህ ጥፍር አስቀድሞ ይቆረጥ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር የጫማው ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ይበል። ኮንጎ ጫማ ውሃ ቢገባበትም ቶሎ ይደርቃል፣ ያለ ካልሲ ግን ተረከዝ ይልጣል። 3 ጥንድ ካልሲ በፌስታል ይያዝ፤ የረጠበው ካልተቀየረ ቆዳው ይርስና ውሃ ይቋጥራል። የቋጠረውን አትላጡት።

ሜዳው ላይ አቋራጭ ብላችሁ ከአስፋልቱ አትራቁ፤ መረሬው (ጥቁሩ ጭቃ አፈር) ጫማ ላይ ይጋገራል። በግራ ጠርዝ ሂዱ፣ ሲኖትራኩ ፊት ለፊት እንዲታያችሁ። ጋቢ (እናቶች ልበሱት ቢሉም) ከረጠበ ሸክም ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ለማታ ይቀመጥ። ለስንቅ በሶ ከብስኩት ይሻላል፣ ጨው ጣል ይደረግበት። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት ነው። የመጀመሪያው ቀን ማደሪያ ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያልለመደ ሰው ሱሉልታ ቢያድር ነውር የለውም።