ያው ሰው፣ ሌላ ቦታ

መገናኛ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል። የታክሲው ሰልፍ ታጥፎ ታጥፎ አስፋልት ዳር ደርሷል። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዷ ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ሌላው "ቦታዬን ያዝልኝ" ብሎ ውሃ ሊገዛ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይገፋም። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰልፍ የሌለበት ቦታ ላይ፣ አንድ ሚኒባስ ይቆማል። ሕዝቡ ያው ነው። እዚህ ግን ክርን ይሰነዘራል፣ ቦርሳ ይጎተታል፣ እናት የሚሆኑ ሴትዮ ይገፈተራሉ። እኔም ገፍቼ አውቃለሁ። ያፈርኩት ወንበር ካገኘሁ በኋላ ነው።

"የአዲስ አበባ ሰው ጸባዩ ተበላሸ" ሲባል ይሄ ትዝ ይለኛል። በ200 ሜትር ርቀት ጸባይ አይበላሽም። ሰልፉ ታክሲ አያመጣም፤ ታክሲው ያው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ግን ተራህ እንደሚደርስ ታውቃለህ።

ዴቪድ ግላስ እና ጄሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በፊት ይህንኑ በጩኸት ፈትነውታል። ሰዎችን መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ኃይለኛ ጩኸት አሰሟቸው። ቀጥለው መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ሰጧቸው። ሰዎቹ ቶሎ ተዉት። ለሌሎች ደግሞ ያንኑ ጩኸት እያሰሙ፣ "ካማረራችሁ ይቺን ቁልፍ ተጫኑ፣ ይቆማል" አሏቸው። አብዛኞቹ አልነኳትም። እንቆቅልሹን ግን ረጅም ጊዜ ታገሉት። የቁልፏ መኖር ብቻ በቃቸው።

እኛ ያቺ ቁልፍ የለችንም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይ ያለው ጎረቤት ሴራሚክ ሲያስቆርጥ መቼ እንደሚጨርስ አይነግርህም። ግሪንደሩ ዝም ይላል። እፎይ ስትል ይጀምራል። ማታ ልጅህ ላይ ስትጮህ ልጁ ምንም አላጠፋም። መንገዱም በአንድ ሌሊት በቆርቆሮ ታጥሮ ታገኘዋለህ። ሾፌሩ ክላክሱን የሚያንባርቀው መንገዱ የሚከፈትለት መስሎት አይደለም። በእጁ የቀረችው ቁልፍ እሷ ስለሆነች ነው።

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሰው ዘና ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ሲነካካም "ይቅርታ" ይባባላል። (ቤቱ ፈርሶበት ወደ ዳር የወጣው ሰው ግን አሁን ሁለት ሰልፍ ነው የሚጠብቀው።) መብራቱና አበባው ጥሩ ነው። እኔ የምጠይቀው በጣም ርካሽ ነገር ነው። የታጠረው ቆርቆሮ ላይ "መንገዱ የሚከፈተው በዚህ ቀን ነው" የሚል አንድ ወረቀት መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?